የደረት ጠፍርና የጭንቅላት ጠፍር

ባለፈው ሳምንት ስለ ኮርቻ አንብበናል። ዛሬ ስለ ሁለት ጠፍሮች እናነባለን። አንዱ የደረት ጠፍር ነው። ሁለተኛው የጭንቅላት ጠፍር ነው። ሥራቸው ለየቅል ነው።

የደረት ጠፍር

አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ፈረስ ዳገት ሲወጣ ኮርቻው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ታዲያ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? የሆዱን ጠፍር አጥብቆ ይስባል። ፈረሱ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቆዳውም ይላጣል።

መፍትሔው የደረት ጠፍር ነው። ከኮርቻው ግራና ቀኝ ተነሥቶ በፈረሱ ደረት ላይ ያልፋል። ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ኮርቻ ላይ የተቀመጠው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡርም ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ገበያ ስትወጡ ሰፋ ያለና ለስላሳ ቆዳ ምረጡ። እጠፉና እዩት። ከተሰነጠቀ ተዉት። የናይለን ገመድ ቆዳ ስለሚቆርጥ አይሆንም። ቤት ያለው ጠፍር ከደረቀ ሞራ ቀቡት።

ጠፍሩ ከጉሮሮው በታች፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ በላይ ይዋል። ከፍ ካለ ያንቀዋል። ዝቅ ካለ እግሩን እንደ ልብ አያነሣም። በጠፍሩና በደረቱ መካከል እጃችሁን ዘርግታችሁ አስገቡ። በቀላሉ ከገባ ልክ ነው። ጥር 25 ቀን ለመርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር ጉግስ አለ። ለጉግስ ስታጌጡትም የጌጡ ብረት ቆዳውን እንዳይነካው ተጠንቀቁ።

የጭንቅላት ጠፍር

ይህ ጠፍር ከሆዱ ጠፍር ይነሣል። በፊት እግሮቹ መካከል አልፎ ከአፍንጫው ማሰሪያ ጋር ይታሰራል። ፈረንጆች ማርቲንጌል ይሉታል። ጭንቅላቱን ሽቅብ የሚወረውር ፈረስ የጋላቢውን ፊት እንዳይመታ ይይዘዋል። ፈረሱ ዝም ብሎ ሲቆም ጠፍሩን ከሥር ወደ ላይ አንሡት። ጉሮሮውን ከነካ ልክ ነው። ካልደረሰ አጭር ነውና አስረዝሙት። ከልጓሙ ብረት ጋር ግን በፍጹም አይታሰር። አፉን ያቆስለዋል።

በክፍላችን ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ የኔ ፈረስ ዐመለኛ ነው ሲባል ኖረ» አሉ። «ኋላ ልጓሙን አውልቄ ባይ ምላሱ ቆስሏል። ለካስ አሞኛል ማለቱ ነው።» እኔ ፊደል ላስተምር ሄጄ ከእሳቸው ትልቅ ነገር ተማርሁ። ስለዚህ ጠፍር ከመግዛታችሁ በፊት አፉን ክፈቱና ጥርሱንና ምላሱን እዩ። ጀርባውንም ዳብሱ፤ ገጣባ ይኖረው ይሆናል። ሕመሙን ሳታድኑ ጭንቅላቱን ብታስሩት አቤቱታውን ማፈን ነው።

ወንዝ ስትሻገሩ

ጉማራና ርብ በክረምት ይሞላሉ። ፈረስ የሚዋኘው አንገቱን ዘርግቶ፣ አፍንጫውን ከውኃ በላይ አውጥቶ ነው። ጭንቅላቱ ከታሰረ ይሰምጣል። ሰውየውም አብሮ ይሄዳል። ወንዝ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ጠፍር ፍቱት። ወንዙ ከሞላ ደግሞ አትግቡ። ቢርቅም በድልድይ ዙሩ።

እንወያይ

1. ዳገት ላይ ኮርቻ ለምን ይንሸራተታል?
2. ፈረሳችሁ ጭንቅላቱን ቢወረውር መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?
3. ወንዝ ዳር ስትደርሱ የትኛውን ጠፍር ትፈታላችሁ?

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።