ከጠመጠሙም በኋላ መማር

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ምስክር ወረቀት የያዘ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ፣ ከጠመጠመ በኋላም መማር እንዳለበት እንዲያስብ እንወዳለን።

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ መሆኑ የታወቀ ነው። ከኮሌጅ የወጣው የልማት ሠራተኛ፣ አሲዱ በኖራ እንደሚበርድ ከመጽሐፍ ተምሮአል። ሰብሉ በየትኛው ማሳ እንደሚቀጭጭ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ ኖራው መቼ መድረስ እንደሚገባው የሚያውቁት ግን በቀበሌው የቆየው ባልደረባውና ገበሬው ናቸው። አንጋፋው ዕውቀቱን ሳያስተላልፍ ቢዛወር አዲሱ ከሀ ይጀምራል፤ ጉዳቱም በገበሬው ጎተራ ላይ ይወድቃል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የሚጠብቀው የዚሁኑ ማሳ ምርት ነውና፣ ነገሩ የአንድ ቀበሌ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ቀድሞ የገባው ደቀ መዝሙር የኋለኛውን ያስተምራል፤ በማስተማሩም የራሱ ዕውቀት ይጸናል። ስለዚህ ለአዲስ ሠራተኛ ከሥራ መደቡ ጋር መምህሩም ተለይቶ ይታወቅለት፤ አንጋፋውም ከመዛወሩ በፊት ያወቀውን ያስረክብ እንላለን። ወጣቱም በበኩሉ ገበሬን መጠየቅ እንደ ውርደት አይቁጠረው።