ጥርጣሬው የማን ነው?

በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ወታደር ከሌላው መንገደኛ ቀድሞ እንዲሳፈር ይጋበዛል፤ በስታዲየሞቻቸውም ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭብለታል። ከዚያ የሚመጡ ወገኖቻችን ይህን አይተው «አሜሪካ ውለታ አትረሳም» ይሉናል። የአስተዳደር ሕግ በማስተምርበት ክፍልም ተማሪዎቼ ይህንኑ ሲደግሙት እሰማለሁ። ጭብጨባውን አልክድም። ነገር ግን ጭብጨባ ወጪ የለውም። ወጪ ያለው አእምሮው ወይም አካሉ የተጎዳው ዘማች አበል ጠይቆ «አይገባህም» ተብሎ ይግባኝ ባለ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ነው።

እስቲ ከታሪኩ እንነሣ። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ ለጡረታ ጠያቂ ወታደር የሚቆም ጠበቃ ከ10 ዶላር በላይ እንዳያስከፍል ተደነገገ። ምክንያቱ ወታደሩን ከአጭበርባሪ መጠበቅ ነው ተባለ። ዘመን አልፎ ዘመን ሲተካ፣ የዶላር ዋጋ ሲወርድ፣ ጣሪያው ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ 10 ዶላር እንደሆነ ቀረ። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ ቀርቦለት ጣሪያው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወሰነ። ለመሆኑ በ1985 በ10 ዶላር የሚሟገት ጠበቃ በየትኛው የአሜሪካ ከተማ ይገኝ ነበር? በዚያ ላይ እስከ 1988 ድረስ የመሥሪያ ቤቱን እምቢታ ፍርድ ቤት ወስዶ መከራከር በአመዛኙ የተከለከለ ነበር። የከለከለውም፣ ይግባኙን የሚሰማውም፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በ1988 ኮንግረሱ ሁለቱንም ለውጦ የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚመለከት ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ።

ከዚህ ፍርድ ቤት በታች፣ ከ1933 ጀምሮ የሚሠራ የይግባኝ ቦርድ አለ። ቦርዱ የዚያው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አካል ነው። በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ ከ100,000 በላይ ውሳኔዎችን ሰጥቷል። ውሳኔው የሚያስረው የቀረበለትን መዝገብ ብቻ ነው፤ ዛሬ ለአንዱ የተፈቀደው ነገ በዚያው ሕመም ለሚመጣው ሌላ ዘማች ቦርዱን አያስገድደውም።

ሕጉ ግን ለወታደሩ አንድ ትልቅ ቃል ገብቶለታል። የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ በግምት ሲተካከል ጥርጣሬው ለጠያቂው ይተረጎማል። ይህ ቸርነት አይደለም። የወታደሩን ማስረጃ የሚይዘው መንግሥት ራሱ ነውና። በ1973 በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ የሚገኘው የወታደራዊ መዛግብት ማዕከል በእሳት ሲጋይ ከ16 ሚሊዮን በላይ የግል ማኅደሮች ወድመዋል፤ የብዙ የኮሪያ ዘማቾች ማኅደርም ከእነዚሁ መካከል ነው። እሳቱን የለኮሰው ወታደሩ አልነበረም።

ኮሪያን ካነሣን ዘንድ፣ የእኛም ቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት በዚያ ጦርነት ዘመን ያገለገለ፣ በከባድ የአእምሮ ሕመም ከሠራዊቱ የተሰናበተ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚንከባከበው ሰው እንዲከፈልለት ጠይቆ ቦርዱ ከለከለው። ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የተሰጠው ጊዜ 120 ቀን ሲሆን እሱ 15 ቀን አሳለፈ፤ ያዘገየውም ያው አበል የጠየቀበት ሕመም መሆኑን አስረዳ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ ዘጋው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ2011 ሻረ፤ ባለጉዳዩ ግን ከዚያ በፊት ሞቷል።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ቦርዱ ሲከለክል ደጋግሞ የሚጽፋት ዓረፍተ ነገር አለች፦ ማስረጃው ወደ ተቃራኒው ያመዝናልና የጥርጣሬው ድንጋጌ አይሠራም የምትል። ሚዛኑ ተካክሎ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ማን ይመርምር? ኮንግረሱ በ2002 ልዩ ፍርድ ቤቱ ይህ ድንጋጌ እንዴት እንደተሠራበት በአግባቡ ከግምት እንዲያስገባ በሕግ አዘዘ። በመጋቢት ወር 2025 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ፣ ሚዛኑን መመዘን በአመዛኙ የፍሬ ነገር ጉዳይ ስለሆነ ልዩ ፍርድ ቤቱ ጣልቃ የሚገባው ጉልህ ስሕተት ሲያገኝ ብቻ ነው አለ። እንግዲህ በጥርጣሬው ለመጠቀም የሚሻ ወታደር፣ ቦርዱ መሳሳቱን ማስረዳት ብቻ ሳይሆን ስሕተቱ ጉልህ መሆኑን ጭምር ማሳየት አለበት። የተጠራጠረ ይጠቀማል የተባለው ሕግ፣ በይግባኝ ደረጃ ጥርጣሬውን ለከልካዩ መለሰው።

ፍሬ ነገርን ነገሩን በቅርብ ለሰማው መተው የቆየ መርሕ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ መርሑን እኔም አስተምረዋለሁ። መሠረቱ ግን የሥር ዳኛው ምስክሩን አይቶታል፣ ሰምቶታል የሚል ነው። ቦርዱ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ወረቀት አገላብጦ ነው፤ ያንኑ ወረቀት ልዩ ፍርድ ቤቱም ማንበብ ይችላል። በሐሳብ የተለዩት ሁለቱ ዳኞች፣ ጃክሰንና ጎርሰች፣ አንዷ ከለዘብተኛው፣ ሌላው ከወግ አጥባቂው ወገን መሆናቸውም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

«በ1983 ዓ.ም. የተበተነውን የእኛን ሠራዊት ትተህ ስለ አሜሪካ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ክራንች ይዞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ የቆመው ወታደራችን ስንቱን ዳኛ ተሟግቶ ተረታ? ነገር ግን ነገ የእኛን የይግባኝ ሥርዓት የሚያረቅቀው ባለሙያ የሚገለብጠው የእነሱን ሕግ ነውና፣ ቀዳዳውንም አብሮ እንዳይገለብጥ ዛሬ መነጋገሩ ይበጃል።

የ2025ቱ ፍርድ የሕግ አንቀጽ ትርጉም እንጂ የሕገ መንግሥት ውሳኔ አይደለም። ኮንግረሱ ከፈለገ፣ ልዩ ፍርድ ቤቱ ሚዛኑን እንደ አዲስ ይመርምር የሚል አንድ መስመር በ2002ቱ ድንጋጌ ላይ ሊጨምር ይችላል። ይህን ለማድረግ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አያስፈልገውም።