የአንዲት ሴት ወንበርና የብዙኃን ሴቶች ድምፅ

የሴቶች ጥያቄ የሴቶች ብቻ ጥያቄ አይደለም። ሴቶች በጋራ ጉዳይ ላይ ያላቸው የመወሰን ሥልጣን የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት የሚመዘንበት ሚዛን ነው። ለዚህም የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የሕይወት ታሪክ ሕያው ምስክር ነው።

በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ በጎሬ ከጥቁር አንበሳ ጎን ተሰለፉ፤ በኋላም ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብትን ሲያውጅ፣ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ይሁንና አንዲት ሴት ወንበር በመያዟ ብቻ የሚሊዮኖች ሕይወት ተለወጠን? አልተለወጠም። ምክር ቤቱ ፓርቲ የሌለበት፣ ለዕጩነት ንብረት የሚጠየቅበት ነበር። እርሳቸው አባል ሳሉ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ደነገገ። ባልና ሚስትን እኩል ያደረገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የታወጀው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ የኦሮሚያ ክልልም ከዚያ በኋላ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በመካከሉ 40 ዓመታት አልፈዋል!

ይህ የወይዘሮ ስንዱን ተጋድሎ አያሳንስም። እርሳቸው በሩን ከፈቱ፤ በተከፈተው በር መግባት ግን የብዙኃን ተግባር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የምትገኘውን ቦርደዴን እንውሰድ። በእንዲህ ያለ ቆላ ከተማ የውሃን ዋጋ ከእናት ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ቦኖው የት ይተከል ተብሎ ሲመከር እርስዋ ከሌለች፣ ምክክሩ ጎዶሎ ነው። ስብሰባውን እራት በሚሠራበት ሰዓት ጠርቶ «ሴቶች አልመጡም» ማለትም ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሆይ፣ የስብሰባውን ሰዓት ለእናቶች በሚመች አድርጉ፤ ቃላቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ በኮሚቴውም ምረጧቸው። በ2001 ዓ.ም. ያረፉት የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ መታሰቢያቸው ይኸው ነው።