ለመጣል ማበርና ለመምራት መስማማት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ያበሩት ድሮች እንዴት አብረው ይኖራሉ? በእኔ አስተያየት አንድን ኃይል ለመጣል ማበርና አገርን አብሮ ለመምራት መስማማት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው የሚጸናው ሥልጣን ከመከፋፈሉ አስቀድሞ የስምምነቱ ቃል ሲዘረዘርና ጠብ ሲነሣም በሰላም የሚፈታበት መንገድ ሲታወቅ ነው።

በመጀመሪያ ከራሳችን ታሪክ እንነሣ። በዘመነ መሳፍንት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር አብረው በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ራስ አሊን ወጉ። ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን የድሉ ደስታ ገና ሳይበርድ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ውቤን ማረኳቸው። የሁለቱ መሳፍንት ኅብረት ከጦር ሜዳ አልፎ መንግሥት ለመሆን አልበቃም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ በወደቀ ጊዜ፣ ልዩ ልዩ ድርጅቶች በሰኔ ወር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የሽግግር ቻርተር አጸደቁ፤ 87 መቀመጫ ያለው ምክር ቤትም አቋቋሙ። ኢሕአዴግና ኦነግ በአንድ መንግሥት ውስጥ ተቀመጡ። ዳሩ ግን በዓመቱ፣ በሰኔ 1984 ዓ.ም.፣ ኦነግ ከመንግሥቱ ወጣ፤ አለመግባባቱም ወደ ውጊያ አመራ። ቻርተሩ በጽሑፍ ነበረ፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ጦር ነበራቸው። ከዚህ እንደምንረዳው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ተስማሚዎቹ ክርክራቸውን በምክር ቤት ብቻ ለመጨረስ መቁረጥ አለባቸው።

ይህ ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ ሰሜን አውሮፓ እንመልከት። በስዊድን ጳጉሜ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ፤ ከ349ኙ የምክር ቤት መቀመጫዎች ግማሹን ያለፈ ፓርቲም ሆነ ነባር ጎራ አልተገኘም። ድርድሩ ከአራት ወር በላይ ፈጀ። በመጨረሻ የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ስቴፋን ሎቨን ከአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ጋር ጥምር መንግሥት ለመመሥረት ተስማሙ። ቀድሞ በተቃራኒው ጎራ የነበሩት ሴንተር ፓርቲና ሊበራሎችም፣ ሚኒስትርነት ሳይካፈሉ፣ 73 ነጥቦች የተዘረዘሩበትን ውል ፈረሙ። ጥር 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ 115 ደገፉ፣ 153 ተቃወሙ፣ 77 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ ሎቨንም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ትሉ ይሆናል። በስዊድን ሕግ ዕጩው የሚወድቀው ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት፣ ማለት 175 ሰዎች፣ ሲቃወሙት ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ዋናው ጥያቄ «ማን ይወደኛል?» ሳይሆን «ማን ይታገሠኛል?» የሚል ነው።

«እንዲህ ያለው መንግሥት ደካማ ነው፤ ቶሎ ይፈርሳል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ከውሉ ውጭ የቀረው የግራ ፓርቲ በቤት ኪራይ ጉዳይ ስለ ተቆጣ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የሎቨን መንግሥት በምክር ቤቱ የመተማመኛ ድምፅ ተነፈገ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተውሉ፤ ለሥልጣኑ ሲባል ጦር አልተሰለፈም፤ እንደገና ተደራድረው ሰኔ 30 ቀን እኚያኑ ሰው መልሰው መረጧቸው። መንግሥት ወደቀ እንጂ አገር አልወደቀም።

የእኛም ሕግ ለዚህ በር ከፍቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 56 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኙ ድርጅቶች ተጣምረው መንግሥት እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 60 ደግሞ ጥምሩ አብላጫነቱን አጥቶ ከፈረሰ፣ ፕሬዚዳንቱ ድርጅቶቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጥምር መንግሥት እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ እንደሚችል ይደነግጋል። መስማማት ካቃታቸው ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። ይህ ድንጋጌ እስካሁን በሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። ድርድርን የለመዱት ስዊድኖች ከአራት ወር በላይ የፈጀባቸውን ሥራ፣ ያልለመድነው እኛ በአንድ ሳምንት እንዴት እንጨርሰዋለን? ስለዚህ ልማዱ ከሳምንቱ መቅደም አለበት።

ልማዱ ግን ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአዲ አርቃይ የምትማሩ ወንፈልን ታውቃላችሁ። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረማል፤ ነገ የሌላው። ወንፈለኞች የግድ ወዳጆች አይደሉም፤ ተራው አስቀድሞ ስለ ተቆረጠና ብድሩን ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ብቻውን እንደሚቀር ስለ ተረዱ ግን ይተማመናሉ። የጥምር መንግሥትም ምሥጢር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እናንተም የክፍል አለቃ ወይም የክበብ መሪ ስትመርጡ በዚህ ተለማመዱ። ወንበሩን ከመከፋፈላችሁ በፊት የምትሠሩትን ጻፉ፤ የተሸነፈውን ወገን ሐሳብ ጠይቁ፤ የማትስማሙበትንም ነገር በማን ፊት እንደምትፈቱት አስቀድማችሁ ወስኑ። በአንቀጽ 60 የተጻፈው ሳምንት በመጣ ጊዜ በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የምትገኙት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁና።