ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም

አንድ ሰው በኀይል ሲያንኮራፋ የሰሙት ሁሉ «እንቅልፍስ እንዲህ ነው» እያሉ ይስቃሉ እንጂ ሕመም ይኖርበት ይሆን ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የሚያንኮራፋውም ሰው ለራሱ አይሰማውምና ሲነግሩት ይክዳል፤ ወይም አፍሮ ነገሩን በቀልድ ያሳልፈዋል። በዚህ ቀልድ ምክንያት ብዙ ሰው ሳይታከም ስለሚቀር በዚህ ወር ስለ ነገሩ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ ነው ማለታችን አይደለም። ጕንፋን የያዘው ወይም ደክሞት የተኛ ሰው ያንኮራፋል፤ ይህ አያስፈራም። የሚያስፈራው ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ፥ ደረቱ አየር ለመሳብ እየታገለ ትንፋሹ የሚቋረጥ፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ እንደ ታነቀ ሰው በታላቅ ድምፅ ተንፍሶ እንደ ገና ማንኮራፋት የሚጀምር ሲሆን ነው። ይህን ሕመም ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል፤ በቋንቋችን በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ልንለው እንችላለን።

የሚመጣበትም መንገድ እንዲህ ነው። ሰው ሲተኛ ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ ምላስንና ላንቃን ደግፈው ጕሮሮን ከፍተው የሚይዙትም አብረው ይላላሉ። ጕሮሮው በስብ የጠበበ፥ መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ሲሆን የላላው ሥጋ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጐልም አደጋውን ዐውቆ ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ ጕሮሮውም ይከፈታል። መንቃቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ጧት አያስታውሰውም። መቋረጡ ቢያንስ 10 ሴኮንድ ከቈየ ይቈጠራል፤ በ1 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከደረሰ ከከፋው ደረጃ ላይ ነው። እስቲ አንባቢው ያስላው፤ በሰዓት 30 ጊዜ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው 7 ሰዓት ቢተኛ በአንድ ሌሊት 210 ጊዜ ታነቀ ማለት ነው። ይህ ሰው ዐደረ እንጂ ተኛ ሊባል አይገባውም።

በዚህ ምክንያት ጧት ራሱን ያመዋል፤ አፉ ይደርቃል፤ ቀን ይረሳል፥ ይቈጣል፥ ያንቀላፋል። ልቡም ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ስለሚያድር የደም ግፊት ይነሣበታል፤ የልብ ምት መዛባትና በአንጐል የደም ሥር ላይ የሚደርስ አደጋም ሊከተል ይችላል። በመድኀኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት ያለበት ሰው ስለ እንቅልፉ ቢጠየቅ መልካም ነው።

እኛን ይልቁን የሚያሳዝነን ግን በሕመምተኛው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ሠራተኛ ሰነፍ ይባላል፤ ሌሊት ታንቆ የሚባንነውም ዱካክ ያዘው ተብሎ ይታለፋል። የረዥም መንገድ ሾፌር ደግሞ እንቅልፉን በቡናና በጫት ሊያባርር ይሞክራል፤ ዐይኑ ለጊዜው ቢገለጥም ሕመሙ በቦታው ነው፤ በመሪው ላይ አንዲት አፍታ ቢያሸልበው ከኋላው የተቀመጡት መንገደኞች ዋጋውን ይከፍላሉ። ስለዚህ ሾፌር የሚቀጥሩ ሁሉ ያንቀላፋውን ሰው ከመቅጣትና ከማባረር አስቀድመው ወደ ሐኪም ሊልኩት ይገባል እንላለን፤ ቅጣትን የሚፈራ ሾፌር ሕመሙን ይደብቃልና።

መምህራን ሆይ፤ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሁሉ በጨዋታ ያመሸ አይደለም። በልጆች ላይ ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቶንሲልና ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው ዕጢ ሲያብጥ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ይተኛል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ አንዳንዱም አልጋው ላይ ይሸናል። ቀን ደግሞ እንደ ዐዋቂ ከማንቀላፋት ይልቅ አሳቡ የሚበተን፥ ዐርፎ የማይቀመጥ ረባሽ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ወላጁን አስጠርቶ «ልጅዎ ሌሊት ያንኮራፋልን?» ብሎ ቢጠይቅ ከብዙ ተግሣጽ ይሻላል። ወላጆችም ልጁን ወደ እንጥል ቈራጭ እንዳይወስዱት አጥብቀን እናሳስባለን። ባልጸዳ ስለት የሚደረገው መቍረጥ ደም መፍሰስን፥ መመርቀዝንና ቴታነስን ሊያመጣ ይችላል እንጂ በቶንሲል የተዘጋውን መንገድ አይከፍትም። ቶንሲሉ መውጣት ካለበት በሆስፒታል ከአንገት በላይ ሐኪም ያወጣዋል።

ዐዋቂው ምን ያድርግ? ከመኝታ በፊት ጠጅና አረቄ እንቅልፍ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጕሮሮን ይበልጥ ስለሚያላላ ትንፋሹን ያስቋርጣል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የእንቅልፍ ክኒንም እንደዚሁ ነው። በጀርባ ከመተኛት በጐን መተኛት ብዙዎችን ይረዳል። ወፍራም ሰው ክብደቱን ቢቀንስ ሕመሙ ይቀልለታል። ሆኖም «ውፍረት ቀንስ» ብሎ ማሰናበት ብቻውን ሕክምና አይመስለንም፤ ቀጫጮችም ይታመማሉና፤ ሴቶችም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ሕመሙ ይበዛባቸዋል።

ለከባዱ ሕመም ዋናው መፍትሔ በአፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭንብል አየር እየገፋ ጕሮሮው እንዳይዘጋ የሚያደርገው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ነው። ይህን ሕክምና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቁት በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የነበሩት ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን ናቸው። መሣሪያው ውድ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል፤ ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን መጀመሪያው ምርመራ ሰዓትና የቤተ ሰብ ዐይን ብቻ ነው። ባለቤቱ ወይም ወንድሙ አንድ ሌሊት አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹ ስንት ጊዜ፥ ለስንት ሴኮንድ እንደ ተቋረጠ ጽፎ ለሐኪም ቢያሳይ፥ ለሐኪሙ ታላቅ እርዳታ ነው።

መሣሪያውን ያገኘ ሰው ንጽሕናውን አይርሳ። ፊትን የሚነካው የጭንብሉ ክፍል በየቀኑ፥ ቱቦው ቢያንስ በየሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ፀሐይ በማይመታው ስፍራ ይድረቅ። የማርጠቢያው ውሃ በየጧቱ ይደፋ፤ ሲሞላም የተነጠረ ውሃ ይደረግበት። አቧራ በሚበዛበት ከተማ ደግሞ የአየር ማጣሪያው ቶሎ ስለሚደፈን እየታየ ይለወጥ።