ሳተላይቱ አይቶ ነበር፤ ማን ተናገረ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ረሃብ በተነሣ ቁጥር ግን ሹማምንቱ የሚመዙት አንድ የተለመደ ሰበብ አለ፤ «ድርቁ ድንገት ደረሰብን» የሚል። ይህ ሰበብ በጥንቱ ዘመን ያስኬድ ይሆናል እንበል። ላለፉት አርባ ዓመታት ግን አያስኬድም። ለምን ቢሉ፣ ድርቅ ገና ሲጀማምር ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ዓይን አለና።

የዚህ ዓይን ታሪክ በናሳ የጎዳርድ የጠፈር ማዕከል ለረዥም ዘመን ከሠራው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከኮምፕተን ተከር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ተከር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ጥናት መሠረቱ ቀላል ነው። ለምለም ቅጠል ምግቡን ሲያዘጋጅ ቀዩን የፀሐይ ብርሃን ይመጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። እንግዲህ ሁለቱን ለክቶ ላነጻጸረ ሰው የአንድ ወረዳ ልምላሜ በቁጥር ይነበባል ማለት ነው። ተከርና ባልደረቦቹ ይህን ስሌት ለአየር ጠባይ ትንበያ በተላኩ ሳተላይቶች ላይ አዋሉት። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮም የምድሪቱ ልምላሜ ዓመት ከዓመት ሲመዘገብ ኖሯል።

ይህ መዝገብ ብዙ የተለመደ ወሬ አፍርሷል። ሰሐራ በረሃ በየዓመቱ ወደ ደቡብ እየገፋ ነው፣ ወደ ኋላም አይመለስም ይባል ነበር። ተከርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ጥናት ግን በረሃው ዝናብን ተከትሎ የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1980 ስፋቱ 8,633,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር። በ1984 ወደ 9,982,000 ደረሰ። ዝናብ ሲመለስ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ የደቡብ ጠርዙ 110 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን አፈገፈገ።

አንባቢ ሆይ፣ 1984 የሚለውን ዓመት ልብ ይሏል። በእኛ አቆጣጠር 1976 እና 1977 ዓ.ም መሆኑ ነው። ሳተላይቶቹ ከላይ ይመዘግቡ ነበር። ከታችም የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሾች አቤት ብሎ ነበር። ደርግ ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ከተማውን በቀይ ጨርቅ ያስጌጥ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ተከለከለ። ዓለም የኮረምን ጉድ ያየው በጥቅምት 1977 ሞሐመድ አሚን ቀርጾት ማይክል በርክ በቢቢሲ ካቀረበው በኋላ ነው። ያን ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወገናችን ወይ አልቋል፣ ወይም በማለቅ ላይ ነበር።

ከዚያ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓቱን አቋቋመ። ዛሬ ፊውስ ኔት የሚባለው ነው። የተከር የልምላሜ መለኪያ ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ሆነ። እንግዲህ ዓለም ከእኛ ሙታን ተምሮ ዓይን አበጀ ማለት ነው። እኛስ ምን ተማርን?

እዚህ ላይ ሌላውን ብቻ ወቅሰን ማለፍ አንችልም። እኛም በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በቆየንባቸው ዓመታት «ረሃብ» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝን «ጊዜያዊ የምግብ እጥረት» ብለን ጽፈናል። ከወረዳ ዘጋቢ የመጣ ዜና የሟች ቁጥር ካለበት መሳቢያ ውስጥ ያድር ነበር። በማግስቱ በፊት ገጽ ላይ የሚወጣው የበለጸገ ገበሬ ፎቶግራፍ ነበር። ማንም ጠመንጃ አልደቀነብንም፤ ምን እንደሚፈለግ እናውቅ ስለነበር ብቻ ነው። ያ ዝምታ ዛሬም እንቅልፍ ይነሳናል።

የሳተላይቱ ዓይንም ቢሆን ሁሉን አያይም። በ2000 ዓ.ም በወላይታና በሲዳማ አካባቢ የበልግ ዝናብ ቀረና ገበሬው ተራበ። ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ደግሞ ምድሩን አለመለመው። ሕፃናት በልምላሜ መካከል ሲጠወልጉ ጊዜ «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። ሳተላይት ቅጠል ይቆጥራል እንጂ ጎተራ ገልጦ አያይም። የተዘጋ መንገድም፣ የተቃጠለ አዝመራም፣ የተዘረፈ በሬም በልምላሜ መለኪያ አይነበብም። በትግራይ ጦርነት ወቅት ያየነው ይኸው ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ከ350 ሺህ በላይ ሰው በከፋው የረሃብ ደረጃ ላይ መሆኑን ሲገልጹ መንግሥት ግኝቱን አልተቀበለውም። ኢትዮጵያ የራሷን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ያመጠቀችው ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2012፣ ነበር። ዓይን አለን፤ የጎደለን አንደበት ነው። ቅጠል የማይናገረውን የሚናገረው ወረዳ ድረስ ሄዶ ያየውን የሚጽፍ፣ ጽፎም የማይታሰር ጋዜጠኛ ብቻ ነው።

ዓይኑም ቢሆን የሌላ ሰው ዓይን መሆኑን አንዘንጋ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ የፊውስ ኔት ድረ ገጽ ባንድ ጊዜ ጨለመ። ከወራት በኋላ ተመልሶ ቢከፈትም፣ የተረፈን ትምህርት ግልጽ ነው። የሀገራችንን ረሃብ የምናውቀው ዋሽንግተን በፈቀደችልን ጊዜ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ታዲያ በስደት ያለን ምን እናድርግ? የናሳም ሆነ የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል ለማንም በነጻ የሚሰጥ ነው። በያገሩ ዩኒቨርሲቲ በመሬትና በአየር ንብረት ጥናት የተሰማሩ ልጆቻችን አሉ። ካርታውን እያነበቡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ ቢያቀርቡልን፣ እኛም በየወሩ የወረዳውን ስም እየጠራን ብናትም «አልሰማንም» የሚል ሹም አይኖርም። ይህንን ስናደርግ ግን ሐቀኞች እንሁን። ዝናቡ ሲሰምርና ምድሩ ሲለመልምም እንጻፍ። ድርቁ ሲመጣ ብቻ ካርታ የምናነሳ ከሆነ፣ ረሃቡን የሚደብቀው ሹምና ረሃቡን የሚናፍቀው ተቃዋሚ ከወገናችን ሕይወት ይልቅ ሥልጣንን በማስቀደም አንድ ይሆናሉ።

የበልግ ዝናብ በዘገየ ቁጥር ገበሬው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ሰማዩም እሱን እያየው ነው። በመካከል ያለነው ዝም ካልን፣ የሚመጣውን እልቂት «ድንገት ደረሰ» ለማለት እኛም አፍ አይኖረንም።

ቸር ወሬ ያሰማን።