ማስታገሻ ከመዋጥዎ በፊት የሞተርዎን መሪ ይመልከቱ

ሞተር ሳይክል በደጀንና በአካባቢዋ ለብዙዎች የዕለት ሥራ መሣሪያ ነው። የግብርና ባለሙያው ወደ ቀበሌ የሚወርደው፣ የጤና ባለሙያዋ ክትባት የምታደርሰው፣ ነጋዴውም ገበያ የሚውለው በእርሱ ነው። ወደ ሕክምና ሲመጡ ከአብዛኞቹ የምንሰማው አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፤ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ማጅራቴ ደርቋል፣ ጣቴ ይደነዝዛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው፤ «ዶክተር፣ መርፌ ይታዘዝልኝ»።

የእኔ አስተያየት ግን ይህ ነው፤ ከእነዚህ ሕመሞች ብዙዎቹ ከመድኃኒት ቤት ይልቅ ከጋራዥ መፍትሔ ያገኛሉ። አምራቹ የሞተሩን መሪ የሚተክለው መካከለኛ ቁመት ያለውን ሰው በማሰብ ነው። እርስዎ ከዚያ ካጠሩ መሪው ይርቅዎታል፤ ከረዘሙ ደግሞ ያጎብጥዎታል። በሁለቱም መንገድ ዋጋውን የሚከፍለው ሰውነትዎ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ መሪው ሲርቅ ወይም ዝቅ ሲል የላይኛው አካላችን ክብደት በመዳፋችን ላይ ያርፋል። የእጅ አንጓ ታጥፎ ሲቆይ በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ይደነዝዛሉ። ጫናው በመዳፍ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሲሆን ደግሞ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ይጎዳሉ። በዚህ ላይ የጠጠር መንገዱ ንዝረትና የደጋው ብርድ ሲጨመሩ ሕመሙ ይባባሳል።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቁልቁለትና አቀበት ነው። በቁልቁለቱ ሰውነት ወደፊት ይንሸራተታል፣ ክንድም ክብደቱን ይሸከማል፤ በዚያው ላይ እጅ ፍሬን መያዝ አለበት። የደነዘዘ ጣት ፍሬን በወቅቱ አይጨብጥም። ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ሰው ይዞልዎት ይቀመጡበት። ትከሻዎን ዘና አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው እጅዎን ወደፊት ይዘርጉ። ዓይንዎን ሲገልጡ መዳፍዎ መሪው ላይ ካረፈ ጥሩ ነው። መሪው ወደፊት ርቆ ወይም ዝቅ ብሎ ካገኙት ሊስተካከል ይገባዋል። ክርንዎ በመጠኑ መታጠፍ አለበት፤ ትከሻዎም ወደ ጆሮዎ መሸሽ የለበትም።

ቀጥሎ ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምሩ። የፍሪሲዮንና የፊት ፍሬን መጨበጫዎችን አላልቶ ማዞር ይቻላል፤ ጣት፣ አንጓና ክንድ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እስኪሆኑ ያስተካክሏቸው። በብዙ ሞተሮች ላይ መሪው ራሱ ብሎኖቹ ላልተው በጥቂቱ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ይህ ካልበቃ መሪውን ከፍ የሚያደርግ ማስረገጫ ማስገባት፣ በመጨረሻም ለቁመትዎ የሚስማማ ሌላ መሪ መግጠም ይመጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ መሪን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም በፍጹም አይሞከር፤ የተበየደው ቦታ በንዝረት ሊሰነጠቅና በጉዞ ላይ ሊሰበር ይችላል። መሪው ከተቀየረ በኋላም ሞተሩን አስነስተው፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩት። የሞተሩ ድምፅ በራሱ ከጨመረ የነዳጁ ካቮ አጥሯል ማለት ነው። የፍሪሲዮን ካቮና የፍሬን ዘይት ቱቦም መወጠር የለባቸውም። ሁለተኛ፣ ከፍ ያለ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ጀርባ እንደ ግንድ ቀጥ ሲል የመንገዱ ምት በቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል። ከዳሌ ትንሽ ወደፊት ዘንበል ማለት ይሻላል።

አንዳንዶች መሪ መቀየርን የጎረምሶች ማጌጫ አድርገው ያዩታል። የመንግሥት ሞተር የያዙ ባለሙያዎች ደግሞ «የመንግሥት ንብረት አይነካም» ይላሉ። በእኔ እምነት ይህ መታረም አለበት። አንድ ሞተር ከረጅሙ ባለሙያ ወደ አጭሯ ባልደረባ ሲዛወር በርክክቡ ላይ መስታወቱና የራስ ቁሩ ይቆጠራል፤ መሪው ለተረካቢዋ ይስማማ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ማስተካከያ ባለሙያዋን ለወራት ከሚዘልቅ ሕመም፣ መሥሪያ ቤቱንም ከሕመም ፈቃድ ያድናል። ጽሕፈት ቤቶች ይህን የርክክቡ አካል ቢያደርጉት ወጪው ኢምንት ነው።

ማስታገሻን በተመለከተም ዳይክሎፊናክና መሰሎቹ ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ መሪውን አያቀርቡም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትንም ሊያባብሱ ይችላሉ።

ሆኖም ሁሉንም የወገብ ሕመም በሞተር ማሳበብም አደገኛ ነው። እግርዎ ከዛለ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘዎት፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሕመሙ ሌሊት የሚብስ ሆኖ ትኩሳት፣ ላብና ክብደት መቀነስ ካለውም ይመርመሩ፤ የቲቢ በሽታ ከሳንባ ሌላ አከርካሪንም ያጠቃል። የጣት መደንዘዙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ ወይም ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረም አይዘግዩ።

የቀረው በእጅዎ ነው። በረጅም ጉዞ መካከል ወርደው እጅና ወገብዎን ያፍታቱ፤ ጓንትና የራስ ቁር አይለዩዎት። በዚህ ሳምንትም መካኒክዎ ዘንድ ሲደርሱ ዘይት ብቻ አያስቀይሩ፤ በሞተሩ ላይ ተቀምጠው መሪውን በቁመትዎ ልክ ያስተካክሉ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!